ዕረፍትማ ድሮ ቀረ!

ዓርብ ስቅለት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ውዬ፣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር እየተንቋቋ ቤቴ ገብቼ ጋደም ከማለቴ የልጄ ስልክ ጢንግ አለ። አየችው፤ ፊቷ ጠቆረ። መርዶ የመጣ መሰለኝ። «ምነው ልጄ፣ ማን አረፈ?» ብላት፣ «ኧረ ማንም አላረፈ አባዬ፤ ወርክሺት ተለቀቀ» አለችኝ።

ተለቀቀ! እናንተዬ፣ በእኛ ጊዜ የሚለቀቀው ከብት ነበር። የመስኖ ውኃም ይለቀቅ ነበር። በዓል ሲደርስ ምሕረት ያገኘ እስረኛም እንዲሁ። በስቅለት ዕለት ተለቀቀ ሲባል የማውቀው ግን በርባንን ብቻ ነው።

ዘጠኝ ገጽ ነው። የልጅ ልጄ ገና ሦስተኛ ክፍል ነው። ሒሳቡ አራት ገጽ፣ እንግሊዝኛው ሦስት፣ አካባቢ ሳይንሱ አንድ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «ፕሮጀክት» የሚሉት ጉድ አለ። ከግርጌው «ከወላጅ ጋር የሚሠራ» ተብሎ የፊርማ ቦታ ተሰምሮበታል። ማክሰኞ ጠዋት ተሠርቶ ይቅረብ። 55 ቀን ጾመን ልንፈስክ ሁለት ሌሊት ሲቀረን! ስምንተኛው ሺህ ገብቷል ስል ይስቁብኛል፤ ይኸው ገብቷል፣ ያውም በቴሌግራም።

ቀዳም ሥዑር ዕለት የነበረውን ላውጋችሁ። ልጄ ግንባሯ ላይ ቄጤማ አስራ ቁሌቱን ታማስላለች። በአንድ እጇ ማማሰያ፣ በሌላው ስልክ። ልጁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «እማዬ፣ ሦስት አራተኛ ይበልጣል ወይስ አምስት ስምንተኛ?» ይላታል። እሷ ስታስብ ሽንኩርቱ አረረ። አዲስ ሽንኩርት ተከተፈ፣ ክፍልፋዩ ግን እዚያው ነው። አላስችል ብሎኝ ገባሁበት። «ና ወዲህ» አልኩት፤ «ዶሮ 12 ብልት ናት። ግማሿ ስንት ነው?» «ስድስት።» «ሩቧስ?» «ሦስት።» «ፈረሰኛውስ ለስንት ይካፈላል?» ልጁ ጣቱን መቁጠር ጀመረ። ፈረሰኛ አይካፈልም፣ የአባወራ ነው! ይህን የሚያስተምር ወርክሺት እስካሁን አላየሁም።

ይህ የቴሌግራም ነገር መቼ እንደ ገባብን አስታውሳለሁ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው፤ ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ «ለጊዜው ነው» ብለው በስልክ ትምህርት ይልኩ ጀመር። ኮሮናው ሄደ፤ ጊዜው ግን አላለቀም። ድሮ አስተማሪ ቤትህ የሚደርሰው ሰው ልኮ አባትህን ሲያስጠራ ነበር። አሁን ትራስህ ሥር ገብቶ ጢንግ ይላል።

በእኛ ጊዜ፣ ወገኖቼ፣ የዕረፍት ሥራ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰኔ ሠላሳ ካርዳችንን ተቀብለን፣ የዓመቱን ሒሳብ ከትምህርት ቤቱ አጥር ኋላ በቡጢ አወራርደን፣ አፍንጫችንን ጠርገን ወደ ቤት። ከዚያ እስከ መስከረም ምንም የለብንም። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ከብት እናወጣለን። ከዚያ የኔታ ዘንድ እንሄዳለን፤ ፊደል የለየ መልእክተ ዮሐንስ፣ እሱን የዘለቀ ዳዊት። የተደናቀፈ ኩርኩም ይቀምሳል፣ ደግሞ የተደናቀፈ አለንጋ። እኩለ ቀን ላይ ውኃ መቅዳት፣ ከሰዓት በኋላ አረም፣ ማታ የጠዋቱን ትምህርት ለአባታችን ማሰማት። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ስሳሳት ግን ከፊቴ ያውቃል፣ ጭኔን ይቆነጥጠኛል። ከዚያ እንተኛለን። በቃ፣ ይኸው ነው፤ ዕረፍት! አንጎላችን ንጹሕ አየር ያገኝ ነበር።

ዝናቡም ጨዋ ነበር፤ ከብቶቹ እስኪገቡ ጠብቆ ነበር የሚወርደው። አንድ ጊዜ ብቻ ወንዝ ሞልቶ ሁለት ሌሊት ከማዶ ቀርቼአለሁ፤ ያም ቢሆን ለጤና ጥሩ ነበር። የነሐሴ ቡሄ ሲደርስ ጅራፋችንን ገምደን፣ ሆያ ሆዬ ብለን፣ ሙልሙላችንን ታቅፈን እንመለሳለን። ዘንድሮ የሰፈር ልጆች ደጄ መጥተው ጨፈሩልኝ፤ ሙልሙል ባወጣላቸው መሪው እየሳቀ «አባባ፣ ቴሌብር አለዎት?» አለኝ። ለእንቁጣጣሽም ሥዕሉን በኮፒ ማሽን አባዝተው ነው የሚያዞሩት። ቀለም መቀባት እንኳ ደከማቸው! እኛ መልአኩን ስንስል ክንፉ ብቻ ሦስት ቀን ይፈጅብን ነበር፤ ሰው አይቶት ንስር ነው ወይስ ዶሮ ብሎ ቢከራከርም ቀለሙ የእጃችን ነበር።

እርግጥ አንድ ጊዜ መንግሥት ራሱ የቤት ሥራ ሰጥቶናል። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ዕድገት በኅብረት ብሎ 60 ሺህ ያህል ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ሲያዘምት እኔም አንዱ ነበርኩ። ፊደል አስቆጠርን፣ ጉድጓድ ቆፈርን፣ የገበሬ ማኅበር አደራጀን። ወርክሺት ግን አልነበረም። ልዩነቱን እዩልኝ።

ደግሞ ነገሩን ሳላውቅ የምናገር እንዳይመስላችሁ፤ 37 ዓመት አስተምሬአለሁ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጠመኔ ይዤ የክረምት ዕረፍቴን ጥዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። የስድሳ ዓመት አዛውንት በኩራዝ ብርሃን ስማቸውን ሲጽፉ አይቻለሁ። ሲነጋ ጽፈው ያላመጡትን ደግሞ በአክብሮት አስነሥቼ አቆማቸው ነበር። ለልጆቹም ቢሆን ለክረምት አስጨናቂ ነገር ሰጥቼ አላውቅም፤ ማባዣውን ከ1 እስከ 12 ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ ብቻ። እሱ እኮ የቤት ሥራ አይደለም፤ እጅ ማፍታቻ ነው። ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። አክብሮታቸው አሁንም አለ።

ጎረቤቴ ፈረንሳይ አገር የተማረ ሰው ነው። ብሶቴን ባጫውተው፣ እዚያ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የጽሑፍ የቤት ሥራ በመንግሥት መመሪያ ከተከለከለ ቆይቷል፤ በእነሱ 1956፣ በእኛ 1949 ዓ.ም. አለኝ። ደስ ብሎኝ ከዘራዬን ወለሉ ላይ መታሁ። ሰውዬው ግን ደስታዬን አላስጨረሰኝም፤ ወላጆቹ ራሳቸው በየበጋው የዕረፍት መለማመጃ ደብተር ከሱቅ እየገዙ ልጆቻቸውን ያስቀምጣሉ አለ። አያችሁ? አስተማሪው ሲከለከል ወላጁ ተካው። የፈረንጅ ልጅም ምስኪን ነው።

ወደ ዘጠኙ ገጽ ልመለስ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዶሮው ተበልቶ ሁሉም እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው፣ የሒሳቡን አራት ገጽ ልጁ ብቻውን ጨረሰ። በስንት ደቂቃ መሰላችሁ? ቡና ሳይወርድ! ተገርሜ ጠጋ ብል፣ ገጹን በእናቱ ስልክ ፎቶ እያነሣ ለዚያ ቻት ጂፒቲ ለሚሉት ያሳየዋል፤ ያ ይመልሳል፣ እሱ ይገለብጣል። ልቆጣ ስል ልጄ ሳቀችብኝ። «አባዬ፣ ወርክሺቱንም ያወጣው እሱ ሳይሆን ይቀራል?» አለች። እንግዲህ ማሽን ጠየቀ፣ ማሽን መለሰ፤ መሐል ላይ እኛ ለኮፒ ቤት ከፈልን።

ፕሮጀክቱን ግን ለማሽን አልሰጥም አልኩ። «የባህላዊ ቤት ሞዴል ሥራ» ነው የሚለው። ልጁ የጭማቂ መምጠጫ በማስቲሽ ሊያጣብቅ ተነሣ። ጎጆ በመምጠጫ! አያቱ በሕይወት እያለ! «ወዲያ ሂድ፣ ኳስህን ተጫወት፣ ዕረፍት አይደለም እንዴ» ብዬ አባረርኩትና ካርቶኑን ጎተትኩ። ባለቤቴ ለስፌት ያስቀመጠችውን ስንደዶ ሳላስፈቅድ ወሰድኩ። ምሰሶውን አቆምኩ፣ ማገሩን አዋቀርኩ፣ ክዳኑን በየንብርብሩ አለበስኩት፣ ጉልላት አወጣሁለት። እሑድ ማታና ሰኞን ሙሉ እሱ ላይ አለቀ። እንግዳ መጥቶ ሰላም ያላልኩት አለ። ባለቤቴ እስካሁን ስለ ስንደዶዋ ታነሣብኛለች።

ከአሥር ሰባት ሰጡኝ።

ሰባት! «ንጽሕና ይጎድለዋል» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። እኔ ለስንት ሺህ ልጅ ቀይ እስክሪብቶ ያነሣሁ ሰው! በማግስቱ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። አስተማሪዋ ጨዋ ልጅ ናት፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ተቀበለችኝ። «ጋሼ፣ ቤቱ በጣም ያምራል፤ ግን ልጁ ራሱ ቢሠራው ነበር» አለችኝ። «እኔ የማወራሽ ስለ ማገሩ ነው» አልኳት። ስለ ማገር የምታውቀው ነገር የላትም። ወደ ስምንት ከፍ አደረገችልኝ፤ ልለምናት አልነበረም የሄድኩት፣ ግን ስምንት ተገቢ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዝግጅቴን አጠናክሬአለሁ። ለክረምቱ ይሆናል ብዬ ከባለ ሱቁ አሥር ካርቶን ሰበሰብኩ። ስንደዶም በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። ላሊበላን ቢያዙኝ እንኳ አስቤበታለሁ፤ ቤተ ጊዮርጊስ ከካርቶን እንዴት እንደሚቆረጥ ሌሊት ላይ ነው የመጣልኝ፣ መስቀሉን ከላይ ወደ ታች መጀመር ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የልጄ ስልክ ጢንግ አለ። መነጽሬን አድርጌ ራሴ አነበብኩት። በዚህ ክረምት የቤት ሥራ የለም፤ ልጆቹ ይረፉ፣ ይጫወቱ፣ ዘመድ ይጠይቁ ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ሁለት ወር ሙሉ! ይህን ሁሉ ክፍያ ወስደው ልጁን ሁለት ወር በሜዳ ሊለቁት! እንዲህ ያለ ስንፍና በእኛ ጊዜ የት ነበር? ለአስተማሪዋ በቴሌግራም ጻፍኩላት፤ ቀስ እያልኩ፣ በአንድ ጣት። ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ ቢያንስ አንድ ፕሮጀክት፣ ትንሽም ብትሆን፣ ብዬ ጠየቅኳት። ሁለት የራይት ምልክት አየሁ፤ አንብባዋለች ማለት ነው ይላል ልጁ። መልስ የለም።

ካርቶኖቹ አልጋዬ ሥር ናቸው። ልጁ ኳስ ሊጫወት ወጥቷል። ማባዣውን ሃምሳ ጊዜ ሳይጽፍ እንዳይወጣ ብዬው ነበር።