ስለ በዓል ጭቃ፦ ከሐሙሲት ግድግዳ የተነሣ ጥናት

ይህ ጥናት የሚመለከተው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት፣ ወረታ ሳይደረስ በምትገኘው ሐሙሲት፣ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ በየግቢው የሚቦካውን ጭቃ ነው። ጉዳዩ እስከ ዛሬ የሊቃውንትን ትኩረት ያላገኘበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሊቃውንቱ በዚያ ሰሞን ወደ ቤት ሊገቡ ሲሉ «እግራችሁን ሳትታጠቡ!» ተብለው ደጅ ይቀራሉ።

የጥናቱ ዘዴ ቆሞ ማየት ነው። ቆሞ ማየት በዩኒቨርሲቲ ምልከታ ይባላል፤ በጭቃ ሰሞን ግን ስንፍና ተብሎ ስለሚተረጎም ተመራማሪው ጀሪካን ተሰጥቶት ውሃ እንዲቀዳ ተደርጓል። መረጃው በአብዛኛው የተሰበሰበው በቦኖና ጭቃው በሚቦካበት ጉድጓድ መካከል በተደረገ ምልልስ ነው።

ጥሬ ዕቃው ዋልካ ነው። ከሐሙሲት ወደ ጉማራ ድልድይ ሲወረድ የሚያጋጥመው የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ጫማ ያስቀራል፣ በጋ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብቻውን ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ለደመራ እንኳ ሳይደርስ ተፈረካክሶ እንግዳው ትከሻ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል። ጭዱ አፈሩን ሰቅዞ ይይዘዋል። በባዶ እግር ይረገጣል፣ ከዚያም ይተዋል። ሲሰነብት ጭዱ ይበሰብስና ጭቃው እንደ ሙጫ ይያያዛል። መድረሱ የሚታወቀው በአፍንጫ ነው፤ ጎረቤት «ምን ሞተባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ደርሷል።

ይህ ግን ለምርጊት ነው። ለበዓሉ ማሳመሪያ የሚሆነው የተነፋ አፈር ከትኩስ አዛባ ጋር ቀጠን ተደርጎ ይበጠበጣል። መሣሪያው እጅ ብቻ ነው። መዳፉ ግድግዳው ላይ ያርፍና ቅስት እየሠራ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል፤ ጣቶቹ ጭረት ጭረታቸውን ትተው ያልፋሉ። ቀጣዩ ቅስት የፊተኛውን ጫፍ ነክቶ ይጀምራል። እንዲህ እየተባለ ከበሩ እስከ ጓዳው ይደረሳል። ውጤቱ ማዕበል የመሰለ ሐረግ ነው፤ የጣና ዳር ሰው ማዕበል ቢስል አይገርምም የሚል መላምት ይዤ የምትለቀልቀውን ባለሙያ ቀርቤ ነበር።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የሚስሉት?»

«ምን እስላለሁ ልጄ፣ እለቀልቃለሁ እንጂ። ይልቅ ብርሃኑን አትከልክለኝ።»

የሥነ ጥበብ ትንታኔው እዚህ ላይ ተቋርጧል።

አሁን ወደ ጥላሸት እንለፍ። የማገዶ ጭስ ግድግዳ ያጠቁራል። የሰው ልጅ ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔ አግኝቷል። የመጀመሪያው የአሜሪካ ነው። በሲንሲናቲ ከተማ አንድ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ ከዱቄት፣ ከውሃና ከጨው የተለወሰ ሊጥ ይሸጥ ነበር፤ ሊጡ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የጌጥ ወረቀት እያሸ የድንጋይ ከሰል ጥላሸት ያነሣል። ይህን ታሪክ ሐሙሲት ላይ ማውራት አይመከርም። እህል በዚህ ዋጋ እየተሸጠ በዱቄት ግድግዳ የሚያሽ ሕዝብ አለ ማለት ተናጋሪውን ያስገምታል። ሁለተኛው የሐሙሲት መፍትሔ ነው፤ ጥላሸቱን አያነሡትም፣ ይቀብሩታል። በየበዓሉ አንድ ድርብ ጭቃ ከላይ ይጨመራል። የግድግዳ ፍርፋሪ በጥንቃቄ ቢታይ ጭቃ፣ ጥላሸት፣ ጭቃ፣ ጥላሸት እየተባለ የቤቱ ዕድሜ ይነበባል። ከዚህ የሚከተለው ደግሞ አሳሳቢ ነው። ግድግዳው ወደ ውስጥ ይወፍራል፣ ልጆቹ ወደ ውጭ ያድጋሉ። ቤት ጠበበን ብለው ባሕር ዳር ስለሚከራዩ ወጣቶች የሚያጠኑ ሰዎች የልቅለቃውን ውፍረት ለምን እንደዘለሉት አይገባኝም።

የሲንሲናቲው ሊጥ መጨረሻው አላማረም። ቤቶች በከሰል ፋንታ በጋዝ መሞቅ ጀመሩ፣ የሚታጠብ የግድግዳ ወረቀትም መጣ። ጥላሸት ሲጠፋ ጥላሸት አንሺው ሥራ ፈታ። በዚህ መካከል የኩባንያው ባለቤቶች ዘመድ የሆነች ኬይ ዙፋል የተባለች የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሊጡን ለተማሪዎቿ ሰጥታ የገና ጌጣጌጥ አሠራችበት። ልጆቹ ወደዱት። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ፕሌይ-ዶ ተብሎ ገበያ ወጣ። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1897 እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ዊልያም ሃርበት የተባለ የሥነ ጥበብ መምህር ፕላስቲሲን የሚባለውን፣ ከቫዝሊን መሰል ቅባት ጋር የተለወሰውን የማይደርቅ ጭቃ ሠርቷል። ሰውየው የማይደርቅ ጭቃ ፍለጋ ያን ያህል መድከሙ ያሳዝናል፤ ሐምሌ ላይ ሐሙሲት ብቅ ቢል ኖሮ የሚፈልገውን በሱሪው ይዞ ይመለስ ነበር።

ዋናው ግኝት ግን ይህ ነው። በሲንሲናቲም በሐሙሲትም የበዓል ጌጥ የተገኘው ከግድግዳ ትራፊ ነው። እናት ስትለቀልቅ ከጉድጓዱ ዳር የሚቀረውን ልጆች ያነሡታል፣ በሬም ያደርጉታል። ሌላ ነገር ሲሞከር አላየሁም። በሬው የፎገራ ዝርያ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሻኛ አለው፣ ቀንዱ አጭር ነው፣ ጥቁርና ነጩ መልኩም በከሰልና በአመድ ይወጣለታል። ችግሩ እግሩ ላይ ነው። ልጆቹ ጭዱን «ቆሻሻ ነው» ብለው እየለቀሙ ስለሚጥሉት ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቀጭን እግርም አይችልም። ስለዚህ የፊት ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ወፍራም ምሰሶ ይሆናሉ፣ የኋላ ሁለቱም እንዲሁ። ባለሁለት እግር በሬ በቀንበር ተጠምዶ የሚታይበት አገር ሌላ አላውቅም። ፀሐይ ላይ የተሰጣው በሬ አንገቱ ላይ ይቀነጠሳል። ጥላ ሥር የደረቀው ይተርፋል፣ በበዓሉም ቀን መደብ ጥግ ቆሞ ዶሮ ወጥ ሲበላ ያያል።

የዕደ ጥበቡ ጥንታዊነት በጽሑፍም ይታወቃል። በተአምረ ኢየሱስ እንደተጻፈው ጌታ በሕፃንነቱ በሰንበት ቀን ከጭቃ ወፎች ሠርቷል፤ ይህን ያየ ሰው ሰንበት ተሻረ ብሎ ለዮሴፍ ሊከስ ሄዷል፣ ወፎቹም ነፍስ ዘርተው በርረዋል። ለጥናታችን የሚጠቅመው ስለ ልጆች ጭቃ የቀረበ ክስ ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ማሳየቱ ነው። የሐሙሲት ክስ ከሰንበት ይልቅ የአዲስ ልብስ መበላሸት ላይ ያተኩራል።

በሬው ሙዚየም ያልገባው ስላልተተኮሰ ነው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ የቤተ እስራኤል ሴቶች ይሠሯቸው የነበሩ አንበሶች፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በእሳት ስላለፉ በየአገሩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሠሪዎቹ አብዛኞቹ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ከ14,000 በላይ ሰው ካጓጓዘው ዘመቻ በፊትና በኋላ ወደ እስራኤል ቢሄዱም። የሐሙሲቱ በሬ ግን የመጀመሪያው የዝናብ ውርጅብኝ ሲያገኘው ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ግድግዳ ላይ ይወጣል።

ኢንዱስትሪው አሁን አደጋ ተጋርጦበታል። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ብሎኬትና ሲሚንቶ እየበዛ ነው። የሲሚንቶ ቤት በቀለም ብሩሽ ስለሚያልቅ ትራፊው የቀለም ቆርቆሮ ነው፤ ከቆርቆሮ በሬ አይወጣም። ለበዓሉ ፊኛና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከሱቅ ይገዛል። ልጆቹም ቢሆኑ በባለ ቀለም ፕላስቲክ ጣሳ የታሸገ ለስላሳ ሊጥ ከባሕር ዳር ይመጣላቸዋል። ከሲንሲናቲ ግድግዳ የወረደው ጭቃ መሆኑን የሚያውቅ ስለሌለ በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ ልጁ ደግሞ ከፍቶ ሲያበቃ የሚሠራው ያንኑ በሬ ነው፣ ሮዝ ቀለም ያለው።

ለቀጣዩ ዙር ጥናት በጀት ተጠይቋል፤ ጭድ በጆንያ፣ አዛባ በባልዲ፣ እንዲሁም ለተመራማሪው ውሎ አበል። ጭዱና አዛባው ተፈቅዷል። አበሉን በተመለከተ እትዬ የሚከፈለው ለሚለቀልቅ ነው ወይስ ለሚያይ የሚል ጥያቄ አንሥተው፣ መልሱ እስኪታወቅ ጀሪካኑን እንድሞላ አዝዘዋል።