«ምንም አይልም»፦ የወደዱት ደራሲ ትንሽ ከተማ ሲያሳድር

አንባቢ በሚወደው ደራሲ ቅር መሰኘቱ የሚገባውን ያህል ያልተጠና ጉዳይ ነው። ስለ ጭብጥ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል፣ ስለ አንጻር የተጠረዘው ወረቀት የዩኒቨርሲቲዎቻችንን መደርደሪያ ሞልቷል፤ ልብ ወለዱን እስከ ገጽ 40 አንብቦ፣ ጥጉን አጥፎ፣ ከራስጌው ስላኖረው ሰው ግን ሲወራ አይሰማም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። ክፍተቱ ትልቅ ስላልሆነ ጽሑፉም አጭር ነው። ለናሙና የተወሰደው የሙጃ አንባቢ ነው። ሙጃ የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ደጋ ናት፤ ከላስታ ጋር ኩታ ገጠም ናት። ሙጃ ደግሞ በስንዴና በገብስ ማሳ ሳይዘሩት የሚበቅል፣ ቢያርሙት የማያልቅ ሣር ነው። ትልቅ ደራሲ የጻፈው ቀለል ያለ የትንሽ ከተማ ልብ ወለድም በደራሲው ማሳ ውስጥ እንዲሁ ይታያል፤ ዘሪው አውቆ ቢዘራውም አራሚው አይምረውም።

የቅሬታው የመጀመሪያ ምልክት ከአፍ በፊት አውራ ጣት ላይ ይታያል። አንባቢው ጋቢውን ደርቦ፣ መጽሐፉን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኝ አውራ ጣቱ ያልተነበበውን ወገን ከዳር ጀምሮ ርርር እያደረገ ይለቀዋል፤ የቀረውን እየለካ ነው። ሁለተኛው ምልክት ቃል ነው። «እንዴት ነው መጽሐፉ?» ሲሉት «ምንም አይልም» ይላል። ይህ አነጋገር በሌላ ጊዜ ደህና ነው ማለት ነው፤ ሻዩ ምንም አይልም፣ ጫማው ምንም አይልም፣ ለልጅቱ የታሰበው ባልም ምንም አይልም። ስለ መጽሐፍ ሲነገር ግን ቃል በቃል ይወሰዳል፤ ይህን ሁሉ ገጽ ተናግሮ ምንም አላለም ማለት ነው። ከዚህ የከረረው «ይነበባል» የሚለው ነው። መጽሐፉ ይነበባል ማለት ወጡ ይበላል እንደ ማለት ነው፤ ባለሙያዋ ከሰማች ዳግመኛ አትጠራም። የመጨረሻው ደረጃ «እንደ ኦሮማይ አይሆንም እንጂ…» ነው። ከ«እንጂ» በኋላ የሚመጣው እስከ ዛሬ ተሰምቶ አይታወቅም።

«ኦሮማይ» የተነሣው በአጋጣሚ አይደለም። ጋዜጠኛና ደራሲው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ንም «ሀዲስ»ንም ያሳተመው በአንድ ዓመት፣ በ1975 ነው። «ኦሮማይ» አስመራን፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻን፣ ጦርነትንና ፍቅርን ይዞ ወጣ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። «ሀዲስ» ደግሞ ኢሉባቦር ውስጥ ሱጴ በምትባል ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ለማሠራት ስለሚታገል ወጣት መምህር ነው። የቀልድ መጽሐፍ ነው ማለት ይበዛበታል፤ ከመንታ ወንድሙ ጎን ሲቆም ግን የበዓል ልብስ ለብሶ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ቀለል ብሎ ይታያል። የተከለከለ መጽሐፍ ደግሞ ቀድሞ ይነበባል። ስለዚህ አንባቢው «ኦሮማይ»ን በሁለት ሌሊት ጨርሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ «ሌላ የበዓሉ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላ የበዓሉ አለ። ሱጴ ነው።

የዚህ ጥናት መከራከሪያ እነሆ፦ አንባቢ ደራሲን የሚወደው ከሰፈሩ ስላወጣው ነው፤ ቅር የሚሰኘውም ደራሲው በዚያው ትኬት መልሶ ሰፈሩ ሲያወርደው ነው። የሙጃ ሰው በ«ኦሮማይ» ብርድ ሳይመታው አስመራ ገብቷል፤ በኮምቢሽታቶ ጎዳና ተንሸራሽሯል። በ«ሀዲስ» ግን ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ከተማ ይጠብቀዋል፤ እሱ ደግሞ ከዚያው ነው የመጣው። በትንሽ ከተማ የሚኖር ሰው ስለ ትንሽ ከተማ ሲያነብ አንባቢነቱ ይቀርና ተቆጣጣሪ ይሆናል። ለወፍጮ ቤት ተራ ስንት ሰዓት እንደሚያዝ ያውቃል። ባለሱቅ ዝርዝር ሲያጣ በመልስ ፋንታ ማስቲካ እንደሚሰጥ፣ በለቅሶ ቤት ማን ከማን አጠገብ እንደማይቀመጥ፣ የጠላ ቤቷ እመቤት ማንን በዱቤ እንደማታስተናግድ ያውቃል። ደራሲው ይህን ካልጻፈ «አያውቀንም» ይባላል። ከጻፈው ደግሞ «ይህንንማ በር ላይ ቆሜ አየው የለ?» ይባላል። ሦስተኛ መንገድ የለም።

መጽሐፉ ራሱ ደካማ ቢሆንስ የሚል ይኖራል። ለዚህ ምላሽ የሚሰጠው ደራሲው ነው። «ሀዲስ» በ1966 የወጣው «የህሊና ደወል» እንደገና ተጽፎ ነው፤ ስለዚህ በሱጴ ታሪክ ቅር የተሰኘው የመጀመሪያው አንባቢ በዓሉ ራሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ሲያርመው ከተማዋን አልለወጠም። የተወለደባት ናት። ጥፋቱ የከተማዋ ቢሆን ኖሮ መምህሩን ወደ አዲስ አበባ ማዛወር ለአንድ ጋዜጠኛ ምን ያህል ሥራ ነው? ደግሞም በውሰት የኖረ መጽሐፍ ሽፋኑና የመጀመሪያ ገጾቹ አይተርፉም። ይኸው ቅሬተኛ ስም አልባውን መጽሐፍ ከመሀል ጀምሮ ሲያነብ «ማነው የጻፈው? ጎበዝ ነው» ይላል። ስሙን ሲነግሩት ይከፋዋል።

ጠንካራው መቃወሚያ ከጎጃም ይመጣል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ስ ማንኩሳ አይደለም የሚጀምረው? ይጀምራል። (ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁና መጽሐፉ «ሀዲስ» ዝምድና እንደሌላቸው ለጥንቃቄ ያህል ይገለጻል።) በ1958 የታተመው ይህ መጽሐፍ ገጠር ውስጥ ተወልዶ አገር በሙሉ የተቀበለው ግን በነጻ አይደለም። በዛብህ ይሞታል፤ ሰብለወንጌል ትሞታለች፤ ጉዱ ካሳም ይሞታል። አንባቢያችን ለትንሽ ቦታ ትልቅ ቀብር ይጠይቃል። ማንኩሳ ምሕረት ያገኘችው በእንባ ነው፤ በሬዲዮ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በዚያ ድምፁ አንብቦላታል። ትምህርት ቤት ተሠራ አልተሠራ ብሎ የሚጨነቅ መጽሐፍ በዚህ ገበያ ምን ይዞ ይወጣል? ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በ1974 «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ በ1980 «የልምዣት»ን አሳትመዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በቃሉ ከሚያወርድልን ሰው ውስጥ የሁለቱን ስም ሳይሳሳት የሚጠራ ስንት ነው?

ከተማውን መፍጠር መፍትሔ ይመስላል። ሕንዳዊው ደራሲ ናራያን እ.ኤ.አ. በ1935 በታተመው መጽሐፉ ማልጉዲ የምትባል ከተማ ፈጥሮ ዕድሜውን ሙሉ በፈገግታ ጻፈባት፤ ካርታ ላይ ስለሌለች የማልጉዲን ወፍጮ ቤት ሄዶ የሚቆጣጠር አልተገኘም። በእኛ አገር ግን ስሟ የማይታወቅ ከተማ ከተጻፈች አንባቢው ሦስተኛው ገጽ ላይ «እቺማ ሙጃ ናት» ብሎ ጉዳዩን ይዘጋል።

የቅርብ ነገር ሁሉ ያሰለቻል ከተባለ ላሊበላ ለላስታና ለጎረቤቱ ለምን አልሰለቸም ተብሎም ሊጠየቅ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ድንጋይ ውስጥ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጣሪያውን ነው። መስቀሉ ከመሬት እኩል ተዘርግቷል፤ ሰውየው ጠርዙ ላይ ቆሞ 12 ሜትር ገደማ ቁልቁል ያያል፤ ከዚያ መውረጃውን ፈልጎ በተፈለፈለው መተላለፊያ ይወርዳል፤ ግድግዳው ከራሱ በላይ ከፍ እያለ ሲሄድ ጣሪያ ያለው ሕንፃ መሆኑን ያውቃል። በዚህ አገር ያደገ ዓይን ጠፍጣፋ ነገር ሲያይ መውረጃ ይፈልጋል። «ሀዲስ»ንም ከፍቶ የሱጴን ገበያና የሱጴን ሹም እያየ መውረጃው የቱ ጋ ነው እያለ ዳር ዳሩን ይዞራል። ይህ ግን የድንጋዩ ጥፋት አይደለም። በላስታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሞልቷል፤ ገብስ ይሰጣበታል፤ መውረጃ የለውም ብሎ የተቀየመው የለም። ቅያሜው የሚመጣው ድንጋዩ ላይ የንጉሡን ስም የጻፉበት ዕለት ነው።

ሳይመለስ የሚቀር አንድ መቃወሚያ አለ። በዓሉ ያሳተመው ስድስት ልብ ወለድ ነው፤ ሰባተኛ አይመጣም። ታዲያ ገጽ 40 ላይ ጥጉን ያጠፈው ሰው ሰልችቶት ሳይሆን እንዳያልቅበት ሰስቶ ቢሆንስ? አውራ ጣት ለሁለቱም ያው ርርር ስለሚል በዓይን መለየት አይቻልም። ቢጠይቁትም «ምንም አይልም» ነው የሚለው። «እንግዲያው አውሰኝ» ሲሉት ግን አያውስም።