ለጋሼ፦ ስለ ተሸናፊው ቡድናችን ልጆች

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

የካቲት እዚህ ዋሽንግተን የብርድ ወር ነው፤ ሆኖም ናሽናልስ የሚባለው የቤዝቦል ቡድናችን ፍሎሪዳ ወርዶ ዌስት ፓልም ቢች ላይ ልምምድ ስለጀመረ እኛ ደጋፊዎቹ ከወዲሁ ሞቆናል። ቡድኑ ባለፈው ዓመት ከ162 ጨዋታ 66ቱን አሸንፎ በ96ቱ የተሸነፈ ነው። «ታዲያ የሚያሞቃችሁ ምኑ ነው?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ለአርሴናል «ዘንድሮስ የእኛ ነው» ሲሉ የኖሩ ሰው ይህን የመጠየቅ መብት አለዎት ወይ የሚለውን ለጊዜው ልለፈውና ወደ ክርክሬ ልግባ። ውድድር ሳይጀመር በወጣት ተጫዋቾች ተስፋ ማድረግ የዋህነት አይደለም፤ የዋህነቱ ተስፋውን ያለ ቦታው ማስቀመጥ ነው። (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው የእነሱ መዝገብ እንዲህ ስለሚል ነው፤ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት እየቀነሱ ያንብቡልኝ።)

ያለ ቦታው የምለው የየካቲትና የመጋቢትን ውጤት ነው። ፍሎሪዳ ላይ የሚደረገው ጨዋታ ነጥብ የለውም፣ ለዋንጫም አይቆጠርም። አንጋፋው ወርዋሪ የሚወረውረው መቺውን ለማሸነፍ ሳይሆን ክረምቱን ሲለማመደው የከረመውን አዲስ አወራወር ለመሞከር ነው፤ ቢመታበት ደመወዙ አይነካም። ጨዋታው ሲጋመስ ስመ ጥሮቹ ወደ መልበሻ ክፍል ይገባሉ፤ በምትካቸው ጀርባቸው ላይ 80 እና 90 ምናምን የተጻፈባቸው፣ ከእናታቸው በቀር የሚያውቃቸው የሌለ ልጆች ይሰለፋሉ። እንግዲህ አንድ ወጣት በዚህ ግርግር መሃል አምስት ኳስ ከአጥር ውጭ ቢልክ፣ ማን እንደወረወረለት ሳይጠይቁ እልል ማለት አይገባም። በዚህ ነገር ከተጠራጣሪዎቹ ጋር ነኝ። በመጋቢት ጋዜጣው ሁሉ ያወደሰው ልጅ በግንቦት ወደ ታችኛው ሊግ አውቶቡስ ሲሳፈር ማየት ብርቅ አይደለም።

እኔ የማየው ልጁ ገና በለጋነቱ ከታላላቆቹ ጋር ሲጋፈጥ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሸነፍ ነው። ጄምስ ዉድን ይውሰዱ። ቁመቱ ሁለት ሜትር የሞላ፣ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት የለመደ ልጅ ነው። በ2025፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ 31 ሆም ረን መታ፤ ኳሷን 31 ጊዜ ከአጥሩ ባሻገር ላካት ማለት ነው። በዚያው ዓመት 221 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነ፤ ማለትም ሦስት ዕድሉን ጨርሶ፣ ዱላውን አንጠልጥሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። በአንድ ዓመት ከዚህ ሁሉ የከፋው ቁጥር ማርክ ሬይኖልድስ በ2009 ያስመዘገበው 223 ነው። ልጃችን ለሪከርዱ ሁለት ጎደለው፤ ከፈለጉ «በዚህም አልተሳካላችሁም» ብለው ይሳቁብን።

ግን ነገሩን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው 18 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትከንፈው ኳስ እዚያ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ አይፈጅባትም። ልጁ በዚህች ቅጽበት ኳሷ ቀጥ ብላ ትመጣ እንደሆነ ወይም መጨረሻ ላይ ትታጠፍ እንደሆነ ወስኖ፣ ያን ረጅም ክንዱን ከትከሻው አንስቶ ማዞር አለበት። ዳኛው ኳሷ ካለፈችበት በመቺው ላይ የሚቆጥርበት ክልል ደግሞ ከጉልበት ግርጌ እስከ ደረት አካባቢ ስለሆነ፣ ረጅሙ ሰው የሚጠብቀው ክልል ከአጭሩ ይሰፋል። ክንድ ሲረዝም ጉልበቱም ይጨምራል፣ መዘግየቱም ይጨምራል። ስለዚህ 31ዱንም 221ዱንም ያመጣው ያው አንዱ አካል ነው፤ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መመለስ አይቻልም።

ይህ ራስን ማጽናናት ነው ካሉኝ ማስረጃ አለኝ። የኒው ዮርክ ያንኪሱ አሮን ጀጅ በቁመት ከዉድ ጋር እኩል ነው። በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋናው ሊግ ሲመጣ ከተቆጠሩለት 84 የመምታት ዕድሎች 42ቱን፣ ልክ ግማሹን፣ በስትራይክ አውት ጨረሰ። ያኔ ዕድሜው 24 ነበር፤ ከዛሬው ዉድ ይበልጣል። በማግስቱ ዓመት 208 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆኖ 52 ሆም ረን መታና የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በ2022 ደግሞ 62 መትቶ የአሜሪካን ሊግን ሪከርድ ሰበረ። ረጅም ሁሉ ጀጅ አይሆንም፣ እሱን አላጣሁትም። ዉድ እንኳ ዘንድሮ የሚጠብቀው ፈተና ቀላል አይደለም፤ ባለፈው ዓመት እስከ ሐምሌው እረፍት 24 ሆም ረን መትቶ ከዚያ በኋላ የጨመረው ሰባት ብቻ ነው። በሰኔ ወር በአንድ ጨዋታ ላይ ተጋጣሚዎቹ በጣም ስለፈሩት አራት ጊዜ ሆን ብለው በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ አሳለፉት፤ ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ በአንድ ጨዋታ እንዲህ የተፈራ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወርዋሪዎቹ ድክመቱን አጠኑት። አሁን ተራው የእሱ ነው። ተስፋዬ ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ 22 ዓመት ሙሉ ያልተማረውን በአንድ ክረምት ሊማር ይችላል ብዬ ሳይሆን፣ የሚማርበት ዕድሜና ጉልበት ስላለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ነው። በ2023ቱ የወጣቶች ምርጫ ፒትስበርግ በመጀመሪያ ፖል ስኪንስን ወሰደ፤ እኛ ቀጥለን ዲላን ክሩስን ወሰድን። ሁለቱም ከአንድ ኮሌጅ፣ ከሉዊዚያና ስቴት፣ የአገሪቱን የኮሌጅ ዋንጫ አብረው በልተው የመጡ ናቸው። ስኪንስ በ2024 የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች፣ በ2025 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ሆነ። ክሩስ በ2025 ጉዳት አሳልፎ፣ ከአምስት ዕድል አንዷን ያህል ብቻ መትቶ ጨረሰ። «እሱ ሁለት ጭንቅላት አለው?» ሲባል ላደገ ልጅ ይህ ንጽጽር አዲስ አይደለም። መልሴ ግን አለ። ወርዋሪ ክንዱ ከደረሰ ደርሷል፤ መቺ የሚበስለው በመክሸፍ ነው። የ2025ቱ የናሽናል ሊግ የመምታት ንጉሥ ትሬ ተርነር በአማካይ .304 ነው ያስመዘገበው፤ ከአስር ዕድል ሰባቱን አልመታም ማለት ነው፣ በሊጉም ከሦስት አስረኛ ያለፈው እሱ ብቻ ነበር። (ተርነር እስከ 2021 የእኛ ልጅ እንደነበረ ባልነግርዎ ይሻለኝ ነበር።) እንዲህም ሆኖ ክሩስ ያሳስበኛል። ለእሱ የምሟገተው ከዉድ ባነሰ ድምፅ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ «ቢያድጉስ መቼ ለእናንተ ይሆናሉ?» የሚለው ነው። እውነት አለው። ክለቡ ወጣት የሚወደው ለነገ አስቦ ብቻ አይደለም፤ ወጣት ርካሽ ነው። ሕጉ ተጫዋቹን ስድስት የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላው ወደፈለገው ቡድን እንዳይሄድ ይይዘዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚከፈለውም ክለቡ የቆረጠለት ነው። ዝቅተኛው በ2025 760 ሺህ ዶላር ነበር። (ዝቅተኛ የሚሉት ይህንን ነው ጋሼ፣ እኔን አይጠይቁኝ።) የእኛው ብራይስ ሃርፐር ጊዜው ሲደርስ በ330 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። ሁዋን ሶቶን ደግሞ እንደማይቆይ ሲያዩ በ2022 ለሳን ዲዬጎ ሰጥተው አንድ አንጋፋና አምስት ወጣቶች ተቀበሉ፤ ሶቶ በኋላ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር የ765 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከአምስቱ አንዱ ዉድ ነው፣ አንዱ ሲጄ ኤብራምስ፣ አንዱ ወርዋሪው ማኬንዚ ጎር። ጎር አድጎ በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ፤ ዘንድሮ በጥር ለቴክሳስ በሌሎች አምስት ወጣቶች ተለወጠ። ላሟን ሸጦ ጥጃ መግዛት፣ ጥጃዋ ላም ስትሆን እሷንም ሸጦ ሌላ ጥጃ መግዛት! ወተቱን የሚጠጣው ታዲያ ማን ነው? ይህ ጥያቄ ለባለቤቶቹ ይገባል፤ እኔም እጠይቃቸዋለሁ።

ተስፋዬን ግን አያፈርሰውም፤ ምክንያቱም ወተቱ አንዴ ተጠጥቷል። በ2008 በ102 ጨዋታ የተሸነፈው ይኸው ቡድን በዚያው ሽንፈቱ ምክንያት በማግስቱ ዓመት ስቲቨን ስትራስበርግን በመጀመሪያ ምርጫ አገኘ። ሶቶን ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ2015፣ በ16 ዓመቱ፣ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። በ2019 ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 19ኙን ብቻ አሸንፎ መሳቂያ ሆኖ ሳለ፣ በጥቅምት ሂዩስተንን ረትቶ ለዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አመጣ። ሶቶ 21 ዓመት የሞላው በፍጻሜው ጨዋታዎች መካከል ነው፤ የፍጻሜው ኮከብ የተባለው ስትራስበርግ ነው። «ያደገውን ግዙ እንጂ» ለሚሉትም መልሱ እዚያው አለ። ክለቡ ከዋንጫው በኋላ ለስትራስበርግ የሰባት ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው፤ ክንዱ እምቢ ብሎት ከዚያ ወዲያ የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ግን የደረሰውን መግዛት ከወጣት ያነሰ ቁማር ነው የሚለኝ ሰው ይህን ሂሳብ ያስረዳኝ። የሄዱት ልጆችም ያን ዋንጫ ይዘውት አልሄዱም።

ዘንድሮ ወጣትነቱ ተጫዋቾቹ ላይ አላበቃም። አሰልጣኙ ብሌክ ቡቴራ 33 ዓመቱ ነው፤ በእኛ አገር የወጣት ሊግ ሊቀመንበር የሚኮንበት ዕድሜ። በ2025 በመጀመሪያ ምርጫ ያገኘነው ኢላይ ዊሊትስ ሲመረጥ 17 ዓመቱ ነበር፤ እሱን ለአሁኑ አልቆጥረውም፣ ይብላ ይደግ።

እንግዲህ ዘንድሮ ዋንጫ የለም፤ አለ የሚልዎት ሰው ካገኙ አይመኑት። እኔ የምጠብቀው ዉድ ከ221 ወደ 190 እንዲወርድ፣ ክሩስ በሰኔም ከዋናው ቡድን ጋር እንዲገኝ፣ 66ቱ ድል 75 እንዲሆን ነው። በአሁኑ ሕግ ዉድ እስከ 2030 የውድድር ዘመን ማብቂያ የእኛ ነው፤ ጊዜ አለን። ውድድሩ የሚያልቀው በመስከረም ነውና እስከዚያ ይህን ደብዳቤ ለሰፈሩ ሰው አያንብቡብኝ። 75 ካልሞሉ ያኔ ጮክ ብለው ያንብቡት።

አክባሪዎ ወንድምዎ፣ ከዋሽንግተን