ሦስት ለሦስት

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣ በእርስዎም በኩል ለአርብ ገበያ የኳስ ሸንጎ በሙሉ፤

እኔ ከብርዱ፣ ከግብሩና ከቤት ኪራዩ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። በደብዳቤዎ ስለ ዝናቡ አንድ መስመር፣ ስለ እህል ዋጋ ሁለት መስመር፣ ስለ ፋሲል ከነማና ስለ ሱዳኑ አል ሂላል ደግሞ ሁለት ገጽ ጽፈውልኛል። «ሳንሸነፍ ተባረርን፤ የበላን ፈረንጅ ያመጣው ሕግ ነው፤ አንተ እነሱ ዘንድ ስላለህ ጠይቅልን» ብለዋል። ዓመታት ያለፉት ነገር እንዲህ ትኩስ ሆኖ መቆየቱ አስደንቆኛል፤ ታች ጋይንት ቂም እንደ ማር የማይበላሽበት አገር መሆኑን ግን አውቃለሁ። ፈረንጆቹን አልጠየቅሁም፤ እነሱም በራሳቸው ቡድን ተቃጥለው የሚያናግሩት ሰው የላቸውም። ነገሩን ግን መርምሬዋለሁ፤ ፍርዴም ደስ እንደማያሰኝዎት አስቀድሜ እነግርዎታለሁ። አፄዎቹን፣ ፋሲሎችን፣ የጣላቸው ሕጉም ዕድሉም አይደለም፤ ባሕር ዳር ላይ፣ በገዛ ሜዳቸው ያስተናገዷቸው ሁለት ጎሎች ናቸው።

መጀመሪያ የተካደ ነገር እንዳይኖር ዓመቱን በሙሉ እናስታውሰው። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሣ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ዋንጫው ግን ጎንደር ገባ። ስለዚህ ጎል ማግባት ብቻውን ዋንጫ እንደማያመጣ እኛው ራሳችን ምስክሮች ነን። ከዚያ በ2014 አዲስ ዓመት ሰሞን የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ መጣ። ባሕር ዳር ላይ ሁለት ለሁለት፣ ሱዳን ላይ አንድ ለአንድ፣ በድምር ሦስት ለሦስት። ሂላል እኛ ሜዳ ላይ ሁለት አግብቷል፣ እኛ እሱ ሜዳ ላይ አንድ። ድምሩ እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጭ ብዙ ያገባው ያልፋልና ሂላል አለፈ። እርስዎ «አልተሸነፍንም» የሚሉት እውነት ነው፤ ፋሲል ከውድድሩ የወጣው አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ነው።

አሁን ሒሳቡን ልብ ይበሉልኝ። የመጀመሪያው ጨዋታ ዜሮ ለዜሮ አልቆ ቢሆን፣ በሱዳኑ አንድ ለአንድ ፋሲል ያልፍ ነበር። ሁለት ጎል አግብተን ከወደቅን፣ ምንም ሳናገባ እናልፍ ነበር ማለት ነው! «ያኔ የመልሱ ጨዋታ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር» ይሉኛል፤ ልክ ነዎት፣ ኳስ እንደ ሒሳብ ደብተር አይታረምም። ግን ይህ ውጤት በእኛ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2005 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ከዛማሌክ ጋር ግብጽ ላይ አንድ ለአንድ፣ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ለሁለት ተለያይቶ፣ በዚያው ሦስት ለሦስት፣ በዚያው ሕግ ከሻምፒዮንስ ሊጉ ወጣ። አንድ ጊዜ ሲሆን ዕድል ይባላል፤ ሁለት የተለያዩ ክለቦች፣ በስምንት ዓመት ልዩነት፣ በገዛ ሜዳቸው ሁለት ሁለት ጎል አስተናግደው ሲወጡ ግን ልማድ ነው። ሦስተኛውን ሦስት ለሦስት ደግሞ ይስሙ። ነሐሴ 2015 ባሕር ዳር ከነማ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም አዲስ አበባ ላይ ሁለት ለአንድ አሸነፈ፤ ዳሬሰላም ላይ ሁለት ለአንድ ተሸነፈ፤ በፍጹም ቅጣት ምት አለፈ። ድምሩ ያው ነው። ልዩነቱ የጣና ሞገዶቹ በሜዳቸው ያስተናገዱት አንድ ጎል ብቻ መሆኑ ነው። የተሸነፈው አለፈ፣ ያልተሸነፈው ቀረ፤ ምሥጢሩም ያቺ አንዲት ጎል ናት።

«ሕጉ ግን ግፍ ነው፤ ፈረንጅ ራሱ ሽሮታል» የሚለው ክርክርዎ ክብደት አለው። ሕጉ የተወለደው እዚሁ አውሮፓ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. በዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ነው። የአውሮፓው ማኅበር ሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲሽረው፣ የአፍሪካው አቆየው፤ ፋሲልም ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ገባበት። እንዲህ ያለውን መገጣጠም አይቼ እኔም ጥርሴን ነክሻለሁ። ነገር ግን ሕጉ ተሽሮ ቢሆንም ፋሲል በቀጥታ አያልፍም ነበር፤ የሚጠብቀው ተጨማሪ ሰዓት ወይም ፍጹም ቅጣት ምት ነው፣ ያውም በሂላል ሜዳ። ሕጉ መሻሩ ዕድል ይሰጠን ነበር እንጂ ድል አይሰጠንም። ደግሞ አውሮፓ ለምን እንደሻረው ይመልከቱ፦ ባለ ሜዳዎቹ ጎል እንዳይገባባቸው እየፈሩ ማጥቃት ትተው ነበር። እነሱ ሕጉን የሻሩት ከልክ በላይ ስለተጠነቀቁበት ነው፤ እኛ ሳንጠነቀቅበት ተሻረልን ብለን ልንደሰት ነበር! በ2011 ዓ.ም. አያክስና ቶተንሃም በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ያደረጉትን ግማሽ ፍጻሜ ሸንጎው እንደማይረሳው እገምታለሁ። ቶተንሃም በሜዳው አንድ ለዜሮ ተሸነፈ፣ አምስተርዳም ላይ ሦስት ለሁለት አሸነፈ፣ ድምሩ ሦስት ለሦስት፣ ቶተንሃም ለፍጻሜ። ያን ማታ ሕጉን ግፍ ያለ ሰው አርብ ገበያ ውስጥ ነበር ቢሉኝ አላምንም፤ ግፍ የሚሆነው የእኛን ቤት ሲያንኳኳ ነው።

ታዲያ ልማዱ ከየት መጣ? ሰዉ ደግ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ እንግዳ ሲመጣ «ይጨመርልዎት» የማለት አመላችን ግብ ጠባቂውም ላይ ተጋብቷል ይላሉ። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። በ2013 ሊጉ የተካሄደው አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ እየተዘዋወረ ነው። ኮሮና ነበር፤ የቴሌቪዥን ስርጭቱም አዲስ ነበር፤ ለገንዘቡም ለሥርዓቱም የበጀው ነገር አለ፣ አልክድም። ግን ፋሲል በዚያ ዓመት ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ነው ዋንጫውን ጎንደር ይዞ የገባው። ባለ ሜዳና እንግዳ በሌለበት ሊግ ሁለት ለሁለትም አንድ ነጥብ ነው፣ ዜሮ ለዜሮም አንድ ነጥብ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ሲሸጥ የከረመ ቡድን፣ አፍሪካ ላይ ዋጋቸው እንደሚለያይ በአንድ ሳምንት ሊማር አይችልም። «ጊዮርጊስስ በ2005 ሲወጣ ሊጉ መቼ ይዞር ነበር?» ብለው እንደሚያፋጥጡኝ አውቃለሁ። ትክክል ነው፤ ዙሩ ልማዱን አልፈጠረውም። ሸፈነው እንጂ።

የገንዘቡንም ነገር አልዘለልኩትም። ሂላል በ1987 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰ ክለብ ነው፤ ፋሲል ያኔ ገና አህጉሩን የሚለምድ ነበር። ያ የጦርነት ክረምትም ለጋይንት ምን ዓይነት ክረምት እንደነበር ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ በዚያ ወቅት ቡድኑ መጫወቱ ራሱ ክብር ነው። ግን ሀብትና ልምድ ብቻ ቢወስኑ ኖሮ ሂላል ሁለቱንም ጨዋታ ባሸነፈ ነበር፤ አንዱንም አላሸነፈም። ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ የነሐሴ 2011 ማስረጃ ነው፦ ፋሲል አዛምን በሜዳው አንድ ለዜሮ አሸንፎ፣ መረቡንም ሳያስደፍር፣ ዳሬሰላም ላይ ሦስት ለአንድ ተሸንፎ ወጣ። ስለዚህ በርን መዝጋት ብቻውን አያሳልፍም። ሆኖም ሁለት ለአንድ ተሸንፎ ቢሆን እንኳ ያልፍ ነበር፤ የተዘጋው በር የመሸነፍ ፈቃድ ሰጥቶት ነበር ማለት ነው። በሂላል ጊዜ ግን ያ ፈቃድ አልነበረም፤ አቻ መውጣትም ወንጀል ሆነበት። «ብሔራዊ ቡድኑ ማላዊን ቤቴ ብሎ ግብጽን ሁለት ለዜሮ አላሸነፈም ወይ?» ካሉኝ፣ አዎ፣ ሰኔ 2014 አሸንፏል፣ እኔም ጮኼአለሁ። ግን ያ የምድብ ጨዋታ ነው፣ የደርሶ መልስ ሕግ አይሠራበትም፤ ከምድቡም ያለፉት ግብጽና ጊኒ ናቸው። ደግሞም ልብ ይበሉ፦ ያኔም ያሸነፍነው መረባችንን ሳናስደፍር ነው።

እንግዲህ ለሸንጎው የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንድ የእኛ ክለብ አፍሪካ ሲወጣ አሠልጣኙን «ስንት ልታገባ አስበሃል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ያን ጥያቄ ሁሉም ይመልሰዋል። «በሜዳህ ስንት እንዳይገባብህ ተዘጋጅተሃል?» በሉት። ሊጉም ቢሆን ለአህጉር ውድድር የሚወጡ ክለቦች ከመሄዳቸው በፊት እውነተኛ የደርሶ መልስ ጨዋታ፣ በእውነተኛ ሜዳቸው፣ የሚለማመዱበትን መንገድ ያብጅ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፋሲል እንደገና ሦስት ለሦስት ከወጣ፣ ያኔ ሕጉን አብረን እንረግማለን፤ እኔም በፈረንጅኛ እረግምልዎታለሁ፣ የመልእክቱን ዋጋ ግን እርስዎ ይከፍላሉ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ፣ ከባሕር ማዶ