ትናንት ብትመጣ ኖሮ

ስሜን፣ ደባርቅ ላይ ወርዶ «አውራ ዋልያ የት አገኛለሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ምን እንደሚባል ያውቀዋል። «ውይ፣ ትናንት ብትመጣ ኖሮ!» ባለ ሆቴሉ አክብሮ «ትናንት ቢመጡ ኖሮ» ይላል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ትናንት አውራው መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ትናንት ፈረንጆቹ እስኪሰለቻቸው ፎቶ አንስተውታል። ትናንት የመጣውን እንግዳ ጠይቁት፤ ለእሱም የተነገረው ይኸው ነው።

መቼም ይህ ጠባይ የስሜን ብቻ አይደለም። ቢሮ ትሄዳላችሁ፤ ኃላፊው «አሁን፣ አሁን ነው የወጣው»። በግ ልትገዙ ትወጣላችሁ፤ «ባለፈው ቅዳሜ በግማሽ ዋጋ ነበር»። ሠርግ ትዘገያላችሁ፤ ጠላ ማለት የትናንቱ ነበር። እኔ እንዲያውም አንድ ጊዜ የታመሙ ሰው ልጠይቅ ሄጄ ለቅሶ ላይ ደረስኩ፤ በር ላይ የተቀበሉኝ ሴትዮ እንባቸውን እየጠረጉ «ምነው ትናንት ብትመጣ! ጨዋታቸው እኮ ሌላ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ መጠየቅ ላይ እቸኩላለሁ፤ ዋልያ ላይ ግን መቸኮል አልጠቀመኝም።

በእርግጥ አውራ ማየት ብቻ የፈለገ ሰው ስሜን ድረስ መድከም የለበትም። ዳባት ላይ አንዱ ግሮሰሪ ገብቶ ዋልያ ቢራ ይዘዝ፤ ጠርሙሱ ላይ ያገኘዋል። ብሔራዊ ቡድናችንም «ዋልያዎቹ» ነው፤ በ2005 ዓ.ም ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ ስሙን ያልጠራ አፍ አልነበረም። በሕይወት ያለው ዋልያ ግን ከስሜን ሌላ በዓለም የትም የለም፤ ቁጥሩም ከአንድ ሺህ በታች ነው።

ያየ መስሎት የተሸወደም ብዙ ነው። ሴቷም ቀንድ አላት፤ ቀጭንና አጭር። የከተማ ሰው እሷን ያነሳና «አውራ አገኘሁ» እያለ ፎቶውን ሲያዞር ይከርማል። አውራው ጥቁር ጺም አለው፤ ወደ ኋላ የተቀለበሰው ቀንዱ ሲጎለምስ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ከሴቶቹ ጋር በብዛት የሚቀላቀለው በስሪያ ወቅት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። እኛ የምንሄደው ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር፣ ሰማዩ ሲጠራ። ስለዚህ ሴቶቹን ከነግልገሎቻቸው አይተን እንመለሳለን።

የስሜን ፓርክ ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹ፣ ሌላም ይነግሯችኋል፦ የከተማ ሰው ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ዋልያ ያለው ከእግራችሁ በታች ነው፤ ገደሉ ወገብ ላይ፣ ሰው በማይቆምበት እርከን። ማለዳ ፀሐይ ገደሉን ስትነካው ሊሞቅ ይወጣል። ጠጠር ሲንኮባለል ከሰማችሁ ዝም ነው። እኔ አንዴ ዝም አልኩ፤ ጓደኛዬ አነጠሰ።

ይህን የሚነግሯችሁ ስካውት ክላሽ አንግተው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። አሜሪካኖችም በዚሁ በጥቅምትና ኅዳር ፈቃድ ገዝተው፣ ጠመንጃ ይዘው፣ ወንድ አጋዘን ፍለጋ ተራራ ለተራራ ይንከራተታሉ። እዚሁ አገራችንም ባሌና አርሲ ላይ የደጋ አጋዘን ወንዱ በፈቃድ፣ በዶላር ይታደናል። ስሜንም ጠመንጃ ይዘን ወንድ እንፈልጋለን፤ ጠመንጃው ግን ሌላው እንዳይተኩስ ነው።

ይህን ሁሉ አጫውቼው ሳበቃ አንድ ወዳጄ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሥጋው ስንት ኪሎ ይወጣዋል?»

እዚህ ላይ ቀልድ ይብቃ። በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ እንደልብ ሲሆን ይህ እንስሳ ለጥቂት ነው ከመጥፋት የተረፈው። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ1989 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ነው። አውሬ ለገደለ ፉከራ አለን፣ ሽለላ አለን፣ ጎፈር አለን። ገደል አፋፍ ላይ ብርድ እየጠጣ ላረጀ ጠባቂስ? «ከብትህን ከፓርኩ አውጣ» ብሎ ከገዛ ጎረቤቱ ለተቆራረጠውስ? ማን ሸለለለት? የሻይ ስንሰጠው እንኳ ብሩን ሁለት ጊዜ እንቆጥራለን። ከዚያ ከተማ ተመልሰን «ዋልያ አለቀ አሉ» እያልን ከንፈር እንመጣለን።

እንግዲህ ተቆጣሁ፤ ከፍታው ይሆናል። ደግነቱ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። ጭላዳ ቀጠሮ አያራዝምም፤ መንገድ ዳር በመንጋ ተቀምጦ ሣሩን እየነጨ ይጠብቃችኋል። ወንዱ ጎፈሩን ነፋ አድርጎ ካሜራ ፊት ሲጎማለል ላየው ሰው፣ አውራ ፍለጋው ለጊዜውም ቢሆን ይረሳል። እኔ አልረሳሁም፤ መጋቢት ላይ ልሞክር አስቤያለሁ።

ከእኔ የምትቀድሙ ካላችሁ ጋቢ ያዙ፤ ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ የሚታደርበት ቦታ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ስንቅ ስትቋጥሩም ለስካውቱ ጨምሩ።