የሮቢት ቁና

ተረት ተረት!
የላም በረት።

ከዞብል ተራራ ግርጌ፣ በሮቢት ሜዳ፣ በሬ ያርሳል፣ ግመል ትጭናለች፣ ውሻ ማሽላውን ከከርከሮ፣ በረቱን ከጅብ ይጠብቃል። ውሻ ማሳ የለውምና ደመወዙ የሚሰፈርለት አራሾች ግብር ከሚያገቡበት ጎተራ ነው። ሲያረጅስ? መከሩና ተስማሙ፤ ከመቶ ቁና ደመወዙ 7 ይቀነስበት፣ ጎተራው 11 ይጨምርለት፣ በጉድጓድ ይቀበርለት። ከጅብ ጋር ለሚናከሱት ጎተራው 25 ይጨምር። 60 ክረምት የሞላው ከዚያ ይብላ። (በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 1267/2014ም ስፍሩ ይኸው ነው፤ 25ቱ ለወታደርና ለፖሊስ። ማን ከማን እንደቀዳ አልጠየቅሁም።)

ጉድጓዱ ሲሞላ አያ አንበሳ መጣ። «የጎሊናን ወንዝ ልጥለፍበት፣ መንገድ ልጥረግበት። ቁና በቁና እመልሳለሁ» አለ። ቃሉን አላጠፈም። ቆጥሮ ወሰደ፣ ቆጥሮ መለሰ፣ ለወለድም ጭብጥ ጣል አደረገ። የእኛም የጡረታ ገንዘብ ስንት ዘመን በግምጃ ቤት ሰነድ ተኝቷል።

አንድ ማለዳ ሽማግሌው ውሻ ስልቻውን አንጠልጥሎ ሄደ። ጎተራ ጠባቂዋ ጦጣ ሰፈረችለት። ስልቻው ግን አልቆም አለ፤ ታጥፎ ወደቀ።

«ይጨመርልኝ።»

ወይፈኑ ሰምቶ ነደደው። «ጫንቃዬ ተልጦ ያረስኩትን ደጋሊት ማሽላ፣ ተኝቶ ለሚበላ? እኔ ሳረጅ ማን ቀብሮልኛል?»

«ተኝቶ?» ውሻው የተዘለዘለ ጆሮውን አዞረለት። «ይሄ የተኛ ውሻ ጆሮ ነው? 7ቱን ከአፌ ነጥዬ ነው የቀበርኩት!»

ስለ ወይፈኑ እርጅና መልስ የሰጠ ግን አልነበረም።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተጨቃጨቁ። ግማሹ ለጆሮው አዘነ፣ ግማሹ ለጫንቃው። ስታመነዥክ የዋለችው ግመል ነገሩ ሲሰለቻት ከጭነቷ ሥር የእናቷን ቁና አወጣች፤ አፉ የተበላ፣ በእበት የተለቀለቀ አሮጌ ስፌት። ጦጣ ስትሰፍርበት የዋለችውን አዲሱን ቁና ሞልታ ገለበጠችበት።

ማሽላው ወገቡ ላይ ቆመ።

ውሻው እግሩን አነሳና ማሽላው የቆመበትን አሸተተ። ከወይፈኑ በቀር የተነፈሰ የለም።

«እመት ጦጣ፣ ዘንድሮ የእኔን ግብር የሰፈርሽው በየትኛው ነበር?»

ጦጣ ዛፉ ላይ ወጥታ ነበር።