የቁራው መዝገብ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ርብና ጉማራ ሜዳውን አጥለቅልቀው ወደ ጣና መጉደል ሲጀምሩ፣ ከወረታ ዝቅ ብሎ ካለ በረት አንዲት ጥጃ ተበልታ አደረች። የፎገራ እንስሳት ዋርካ ሥር አውጫጭኝ ተቀመጡ። ዱሮ ቢሆን ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር፤ አንድ ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ደጅ ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ያ ቀርቷል። አሁን የተጠራው ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ጣሪያ ላይ ሆኖ ክርክር ሲሰማ የኖረ ቁራ ነው።

ቁራውም እንዲህ አለ፦ «ገዳይ ከመግደሉ በፊት ይናገራል። አሜሪካን አገር 17 ዓመት ሙሉ በፖስታ ቦምብ እየላከ ያስጨነቀ ሰው ነበር። በፈረንጆች 1996 የተያዘው፣ ጋዜጣ ላይ ባወጣው ጽሑፍ ወንድሙ አነጋገሩን ለይቶበት ነው። እናንተም ትናንት የተባለውን ሁሉ አምጡልኝ።»

ነገሩ እውነት ነውና ሁሉም ወደደው።

ምስክሮች ቀረቡ። በሬው ከቀንበር ሲፈታ «ዘራፍ! እኔ የበሬ ልጅ፣ ሆድ ዘርጋፊው!» ብሎ ፎክሯል። አያ ጅቦ ደግሞ ሲመሽ በበረቱ በኩል ሲያልፍ «እንደምን አመሹ፣ እመት ላም? ጥጃዋ እንዴት ጠና ብላለች! ውሻውስ ዛሬ የት ሄደ?» ብሏል።

ቁራው ቃሉን መዘነ። በበሬው በኩል ዘራፍና ሆድ ዕቃ ተገኘ፤ በአያ ጅቦ በኩል ሰላምታ። በሬው ታሰረ።

በዚያ ሌሊት ሁለት ጥጆች ተበሉ።

ቁራው በሩዙ ማሳ ላይ ሲያንዣብብ እንቁራሪቶቹ «ቁረጥ፣ ቁረጥ፣ ቁረጥ» ሲሉ ሰማ። «ይህ ትእዛዝ ነው፤ ያውም በማኅበር» አለ። እንቁራሪት ደግሞ በእግር ብረት አይያዝምና ውሃው ከማሳው ተጠንፍፎ እንዲወጣ ተፈረደ። ሊያሽት የነበረው ሩዝ ቆሞ ደረቀ። እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። መዝገቡ ላይም «ዛቻ ቀንሷል» ተብሎ ተጻፈ።

በሦስተኛው ሌሊት አራት ተበሉ። እናቲቱ ላም ደረቷን እየደቃች «ልጄን የበላ፣ ልጁ ይበላ!» ብላ አለቀሰች። ቁራው ሙሾውን ሁለት ጊዜ አስደገማትና፣ «ወደፊት የሚፈጸም ወንጀል ተነግሯል፤ ቀኑ ብቻ አልተጠቀሰም» አለ። እሷም ታሰረች።

ይሄኔ አሮጌው ውሻ ተነሣ። «ጌታዬ ቁራ፣ አያ ጅቦ በመጀመሪያው ማታ ስለ እኔ ጠየቀ። በሁለተኛው የበረቱ መወርወሪያ ከውስጥ ነው ከውጭ ብሎ ጠየቀ። በሦስተኛው ጨረቃ ስንት ሰዓት ትወጣለች አለ።»

«ስድብ አለበት?»

«የለበትም።»

«እገላለሁ ብሏል?»

«አላለም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍልህ?»

«ያ የአሜሪካኑ ወንድም እኮ ክፉ ቃል ቆጥሮ አይደለም የለየው፤ ሰውየውን ስለሚያውቀው ነው። እኔም አያ ጅቦን አውቀዋለሁ።»

ቁራው መዝገቡን ገለጠ። ከሁሉ የበዛው ጩኸት የሠፈረው በውሻው ስም ነበር፦ በየሌሊቱ፣ ያለ ዕረፍት፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎረቤት ደጅ። «የቆየ ቂም» ተባለና አፉ በጠፍር ታሰረ።

የቀረው ነገር በረቱን ማን ይጠብቅ የሚለው ሆነ። መዝገቡ ከዳር እስከ ዳር ቢፈተሽ፣ አንድም ነቀፋ ያልተገኘበት አፍ የአያ ጅቦ ብቻ ነው። አያ ጅቦም እጅ ነሥቶ፣ «እናንተ ካላችሁ እንቢ አልልም» አለ። «ለጥበቃ እንዲመቸኝ ብቻ፣ በየበረቱ የተበተኑትን ከብቶች በአንድ በረት አሳድሩልኝ።» ቁራው አነጋገሩን ለሌሎች አርአያ ይሆናል ብሎ በቀይ ቀለም መዘገበው፤ ከብቶቹም ተሰበሰቡ።

በማግስቱ ወደ ደብረ ታቦር የተላከው ሪፖርት አንድ መስመር ነበር፦ «ዛሬ በፎገራ ሜዳ አንድም ክፉ ቃል አልተሰማም።»